የእትዬ ሊን ትንሽ ጣት

ባለፈው ሳምንት አምስተርዳም ትራም ስጠብቅ ከአንድ መታሻ ቤት በር የወጣ ጭስ አፍንጫዬን መታኝና ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። የአሪቲ ጭስ ነው፤ መረር ያለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። መስታወቱ ላይ በሚያምር ፊደል «የጥንታዊት እስያ የሙቀት ሕክምና» ተብሏል፤ ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ እግር ከውስጥ ፈገግ ትላለች። ንዴቱ ከእግር ጥፍሬ ተነሥቶ አናቴ ላይ ወጣ። ይሄ ጭስ እኮ እኛ ሰፈር ሰው ከቤቱ አስወጥቷል!

በሰማንያዎቹ ዓመታት እናቴና እኔ ዴን ሃግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ የሚባል ሰፈር ነበርን፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሦስት ፎቅ «ይማርህ» የሚልበት ዓይነት ቤት። እናቴ ቢሮ ታጸዳ ነበር። ተንበርክካ ስትፈትግ ጉልበቷ አብጦ ደረጃውን በመቀመጫዋ ነበር የምትወርደው፤ እኔም ቦርሳዋን ይዤ ከኋላዋ እየሣቅሁ። ከእኛ በታች ከኢንዶኔዥያ የመጡ አንዲት ቻይናዊት አሮጊት ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ በሆላንድኛ «ታንተ ሊን»፣ አክስት ሊን፣ ይላቸዋል፤ እናቴ ግን «ታንተ ብሎ ነገር!» ብላ እትዬ ሊን አለቻቸው።

አንድ ቅዳሜ እናቴ በመቀመጫዋ ስትወርድ አዩዋትና እጇን ይዘው አስገቧት። እንደ ሲጋራ የተጠቀለለ ደረቅ ቅጠል ለኮሱ።

«ይሄማ አሪቲ ነው! ቻይናም አሪቲ አለ እንዴ?» አለች እናቴ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆነ። እኔ ምንጣፉ ላይ ተዘርፍጬ የሽሪምፕ ቂጣቸውን አንኮሻኩሻለሁ፤ እሳቸው ፍሙን ከእናቴ ጉልበት ሁለት ጣት ያህል አርቀው ይይዙና ትንሿን ጣታቸውን ቆዳዋ ላይ ያሳርፋሉ። «መጀመሪያ እኔን ይፍጀኝ» ይሉኛል፤ እኔም ለእናቴ አስተረጉማለሁ። የጣታቸው ጫፍ ከዘመን ብዛት ደርቆ እንደ በቆሎ ፍሬ ቢጫ ሆኖ ነበር።

ወር ሳይሞላ እናቴ ደረጃውን በእግሯ ወረደች። ግን በጋለ ብረት ሲተኮስ ያደገ ሰው ምን ያጠግበዋል! «ይሄ ማሞቅ ነው እንጂ መተኮስ አይደለም» እያለች ታጉረመርም ጀመር። እትዬ ሊን ሻይ ሊያመጡ ጓዳ የገቡ ጊዜ ፍሙን ብድግ አድርጋ ጉልበቷ ላይ ተከለችው።

«እማዬ!»

«ዝም በይ! ይሄኔ ነው ሥሩ የሚነቀለው» አለች ነጠላዋን ነክሳ። ሲመለሱ ቀሚሷን ለቀቀችው።

ቁስሉ አመረቀዘ፤ ሁይስአርትስ፣ የሰፈሩ ሐኪም፣ ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ጉልበቷን አየና ወደ እኔ ዞረ፤ «ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?»

የእናቴ የመኖሪያ ወረቀት ገና አልጸደቀም ነበር። ራሷን አቃጠለች ከተባለ እብድ ናት ብለው የሚመልሷት መሰላት።

«ጎረቤቴ ናት በይው።»

ዐይን ዐይኗን አየኋት።

«በይው አልኩሽ!»

አልኩት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ጥርት ባለ ሆላንድኛ። ሐኪሙ እየጻፈ «ቋንቋሽ ግሩም ነው» አለኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ደስታዬ ነው።

በሳምንቱ ሐኪሙ የጻፈው ደርሷቸው ከቤቱ አከራዮች ሁለት ሰዎች እትዬ ሊን ዘንድ ወረቀት ይዘው መጡ፤ በእሳት ሰው ትጎዳለች ተባለ። ጣታቸውን ያየላቸው የለም፤ እናቴም እኔም ከላይ በራችንን ዘግተን አዳመጥን። ክረምቱ ሳይገባ ልጃቸው ሮተርዳም ወሰዳቸው። በሄዱበት ቀን በራችን ሥር በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሦስት ዘንግ አሪቲ አገኘን። ምን እንደሆነ ያላወቁ ይመስላችኋል? ዐውቀዋል እንጂ። እናቴ አንዱንም ሳትለኩስ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ፣ እያነከሰች ኖራ እያነከሰች ሞተች። ሐኪሙን ረግሜዋለሁ፤ አንድ ፎቅ ወርዶ መጠየቅ ምን ነበረበት? እናቴን ግን እንዴት ልርገማት? ንዴቴ መውረጃ አጥቶ ይኸው ከእኔ ጋር አረጀ።

ትራሙን ትቼ መታሻ ቤቱ ገባሁ። በሥራዬ ሽማግሌ ሳነሣ ሳስተኛ የእኔም ጉልበት አልቋል። ልጅቷ አስተኝታኝ ለኮሰች፤ ከሩቅ ይዛ ሰዓቷን ታያለች።

«ሲበዛብዎ ይንገሩኝ።»

«ትንሿን ጣትሽን ጉልበቴ ላይ አሳርፊ» አልኳት።

«ለምን?»

«መጀመሪያ አንቺን ይፍጅሽ!»

ጣቷን አየች፤ ጥፍሯ በቀይ አምሮ ተቀብቷል። ከዚያ እጇን ይበልጥ አራቀች፤ ጉልበቴ ምንም አልተሰማውም።