የሐጅ ዱሱቂ ምላስ

የሐጅ ዱሱቂ ሥራ ውሃ መቅመስ ነበር። መንደራችን ግብፅ ውስጥ ከረሺድ ከተማ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ ዓባይ ባሕር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው። የሰሜን ነፋስ ሲበረታ ባሕሩ ወንዙን እየገፋ ሽቅብ ስለሚመጣ፣ እሳቸው ሳይቀምሱ ማንም ማሳውን አያጠጣም። በእፍኛቸው ጨልፈው፣ አጣጥመው ይተፉና «ጣፋጭ ነው» ካሉ የመንደሩን ፓምፕ አስነሣለሁ። «ባሕር ነው» ካሉ ወደየቤታችን እንገባለን።

በልጅነታቸው ወንዙ በነሐሴ ቀልቶ ይመጣ ነበር። ቀዩ ከሐበሻ ተራራ፣ ነጩ ከደቡብ ሐይቆች ተነሥተው ካርቱም ላይ ሲገናኙ፣ በረሃውን ሲያቋርጡ፣ ከካይሮ በታች ለሁለት ሲከፈሉ፣ እንደ ዘር ሐረጋቸው ይቆጥሩልን ነበር። አስዋን ላይ ግድቡ ከተሠራ ወዲህ ቀዩ ጎርፍ ቀረ። እኔ ወሬያቸው ይሰለቸኝ ነበር፤ አሁን ይቆጨኛል።

ምላሳቸው እንዳይደነዝዝ በመስኖ ወራት ጨዋማ ምግብ አይነኩም። ለፀደይ በዓል አገር ሁሉ ፈሲኹን፣ በጨው የከረመውን ዓሣ ሲበላ እሳቸው ዳቦና ሽንኩርት ይበላሉ። አንድ ዓመት ግን ባሏ የሞተባት ኡም ረገብ ቤቷ ጠራቻቸው። እንቢ ቢሉ ድህነቷን የናቁባት እንዳይመስላት ፈርተው ፈሲኹን በሉላት። ከሰዓት በኋላ የሩዝ ችግኟን ልናጠጣ ወረድን። ቀምሰው «ጣፋጭ ነው» አሉ። ዓሣው ከአፋቸው ሸቶኝ ነበር፤ ቢሆንም ፓምፑን አስነሣሁ።

በአምስተኛው ቀን ችግኙ ጫፉ ነጣ፤ ከዚያም ሁሉም ደርቆ ተኛ። የዓመት ቀለቧ ነበር። መንደርተኛው ሲሰበሰብ ሐጅ ዱሱቂ ተነሡ፤ የዓሣውን ነገር ግን አላነሡም።

«ምላሴ አርጅቷል። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ከራሳቸው ችግኝ ግማሹን ነቅለው ሰጧት። ያበላቻቸውን ሴት ላለማሳፈር አርባ ዓመት የኮሩበትን ሥራ ጣሉ። እኔ እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬ ያመኛል።

በዓመቱ፣ መስኖ በተጀመረበት ቀን፣ ኡም ረገብ ክንዳቸውን ይዛ ወንዝ ዳር አመጣቻቸው።

«ተይኝ ልጄ፣ አርጅቻለሁ» አሉ።

«ምላስዎ አላረጀም። ዓሣውን ያበላሁዎት እኔ ነኝ፤ ችግኙ የነጣ ዕለት ገብቶኝ፣ አፍሬ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ዛሬ በባዶ ሆድዎ ነው ያመጣሁዎት። ይቅመሱልኝ።»

ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ጨለፉ። አፋቸው ውስጥ ብዙ አቆዩት። አልተፉትም፤ ዋጡት።

«ጣፋጭ ነው» አሉ።

ፓምፑን አስነሣሁ። ኡም ረገብ የቦይዋን አፍ ራሷ ከፈተች።