ኃጢአተኛ የሚይዘው ድንጋይ

ልጅ ሳለሁ፣ ሱሉልታ ላይ ብርዱ በከፋበት በዚያ ዓመት፣ ማታ ማታ ከፍሙ ዙሪያ ተቀምጠን ለመንገድ የሚሆን በሶ እናዘጋጅ ነበር። እናታችን የተቀበረችው ደብረ ሊባኖስ ነበርና ለሙት ዓመቷ በእግር ልንሄድ ነው። ታላቅ እህቴ ዘነበች ገብሱን ትቆላለች፣ እኔ እለቅማለሁ፣ ከእናታችን ወዲህ ቤቱን የያዙት የአባቴ እህት እትዬ አስካለ ደግሞ ተረት ያወራሉ። ተረታቸው ይጥማል፤ ልባቸው ግን ጨካኝ ነበር።

አንድ ማታ ከገዳሙ በፊት ቁልቁለቱ ላይ ስላለው፣ መንገዱ በመካከሉ ስለሚያልፍበት የተሰነጠቀ ድንጋይ አወሩ። ጻድቁን ያሳልፋል፣ ኃጢአተኛውን ግን ጨምድዶ ይይዛል፤ ሳታገባ የጸነሰች አንዲት ልጅ ሕዝቡ ሁሉ እያያት ተይዛ፣ ስትጮህ ውላ ስትጮህ አድራ፣ እዚያው ቀረች አሉ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው ከዘነበች ነጠላ ላይ አልተነሳም። እኔ ያኔ ምንም አልገባኝም፤ ገብሱ ሲያርር ሲሸተኝ ብቻ እህቴ ማማሰሉን እንደተወች አወቅሁ።

የምንሄድበት ቀን ንጋት ላይ ዘነበችን በጎተራውና በግድግዳው መካከል አገኘኋት። ሆዷን በመቀነት ጥፍር አድርጋ አስራ በዚያች ክፍተት ለማለፍ ትታገላለች። ለእናታችን መቃብር የገዛችው ጧፍ በእጇ ነው። እትዬ አስካለ ከኋላዬ መጥተው አዩዋት።

«ጎተራው እንኳ ያዘሽ» አሏት። «አንቺ ቤት ጠብቂ።»

ዘነበች ጧፉን ለእኔ ሰጥታ «ከራስጌዋ አብሪልኝ» አለችኝ።

በጫንጮ በኩል አድርገን ሄድን። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ እኔ ቆምኩ። ስንቃችንን የጫኑልን ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ ግን በኦሮምኛ «ኮቱ፣ ኮቱ»፣ ነይ ነይ፣ እያሉ በቅሎዋን ስበው ገቡ፤ ግራና ቀኝ ስልቻ የተጫነባት በቅሎ ድንጋዩን ሳትነካ አለፈች። እትዬ አስካለ አማተቡና ተከተሏት። ደጋግመው የተመላለሱበት መንገድ ነበር።

ጧፉን አብርቼ፣ የበቅሎዋን ነገር ለእህቴ ልነግራት እየቸኮልኩ ተመለስኩ። ቤቱ ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘነበችን አላየኋትም።

ከዚያች ሴት አፍ የሰማሁትን ተረት ሁሉ ረስቼዋለሁ፤ ይህ አንዱ ግን አልለቀቀኝም። እህቴ በሕይወት ብትኖር እንኳ፣ ያ ድንጋይ በቅሎ ከነጭነቷ የሚያሳልፍ መሆኑን ሳታውቅ ነው የምትኖረው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።