በዳገቱ ላይ ያወረደን ሾፌር

ከሾፌር ሁሉ እሱን እጠላዋለሁ። ሞቷል ብለው ነግረውኛል፤ ነፍስ ይማር ማለት ግን ከአፌ አልወጣ አለ።

ክረምት ነበር፤ የፎገራ ሜዳ ውሃ ለብሷል። እናቴ እግሯ አብጦ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ላደርሳት ከሐሙሲት በጭነት መኪና ይዣት ተሳፈርኩ። ጎርፉ መንገዱን ከዋጠበት ስንደርስ ሾፌሩ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና ሞተሩ አየር የሚስብበትን አፍ በጆንያ ሸፈነው። የሜዳው ሾፌሮች ልማድ ነው፤ ውሃ እንዳይረጭበት፣ እስኪሻገሩ ድረስ ብቻ። ተሻገርን። ወረታ ገብቶ ሻዩን ጠጣ፣ ከሰው ተሳሳቀ፣ ጆንያውን ረሳው።

ሜዳ ላይ ምንም አልታወቀም። የደብረ ታቦርን ዳገት ስንይዝ ግን መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ ደከመ፣ ደከመና ቆመ። ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉለት።

"ሰው ከብዶታል! ውረዱ!" አለ ሾፌሩ። የተጫነው ኑግ አልወረደም፣ ቅቤው አልወረደም፤ የባለጸጋ ነዋ።

"እናቴ ታማለች፤ እሷ እንኳ ትቀመጥ" አልኩት።

"አንቺ አሮጊት፣ አልሰማሽም? ውረጂ!"

እናቱ የምትሆነውን ሴት አንቺ አላት! አብረውን ከተሳፈሩት የአገራችን ሰዎች አንዱ እንኳ "ኧረ ነውር ነው" አላለም።

ሁላችንም ወርደን እንኳ መኪናው ንቅንቅ አላለም። ውሃ ሊጨምር ኮፈኑን ሲከፍት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጆንያውን አየው፤ እኔም አየሁት። ቶሎ ፈትቶ ከመቀመጫው ሥር ወሸቀው፣ ሞተሩን አስነሣና ጥሎን ወጣ።

እናቴ ያንን ዳገት በእግሯ ወጣችው። ትቀመጣለች፣ ትነሣለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ከአናቱ ስንደርስ ሾፌሩ መኪናውን ተደግፎ ይስቃል።

"አያችሁ? ስትወርዱለት ወጣ!"

"እውነቱን ነው" አለ ሰዉ።

ደሜ ፈላ። ጋቢናውን ከፍቼ ጆንያውን ጎተትኩና ፊቱ ላይ ወረወርኩለት። "የከበደው ይኸ ነው! ሜዳ ላይ ታፍኖም ይሄዳል፤ ዳገት ግን ትንፋሽ ይጠይቃል። ያፈንከው አንተ ነህ!"

እብድ ናት ተባልኩ።

እናቴ ሐኪም ቤት ገባች፤ በእግሯ ግን አልወጣችም። እነዚያ ተሳፋሪዎች ለቅሶ መጥተው "ያ ሾፌር እኮ ግፈኛ ነው" አሉኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዛሬም ዳገት ላይ መኪና ደክሞ "ሰው ይውረድ" ሲባል ከመቀመጫዬ አልነሣም። መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈት እለዋለሁ።