ለቀዳም ስዑር የተነቀለው ቄጠማ

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እስከ ዛሬ የማልረሳው ጓሮዬን ውኃ ስለወሰደው ብቻ አይደለም። ለጥፋቱ ምክንያት የሆነችው ሴት ዛሬም በየበዓሉ ከፊት ተቀምጣ ስለምትመረቅ ጭምር ነው። እውነተኛ ስሟን አልጽፍም፤ ተዋበች እላታለሁ። ራሷን ታውቃለች።

አሜሪካ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር የገዛናት ትንሽ ቤት ከአሌክሳንድሪያ በስተ ደቡብ፣ ወደ ፖቶማክ በሚገባ ወንዝ ዳር ናት። ባሕሩ ሩቅ ቢሆንም ሙላቱና ጉድለቱ እኛ ጋ ድረስ ይደርሳል፤ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲጎድል ጭቃው ይታያል። ጭቃው ላይ ቁርጥ ቄጠማ የሚመስል ሣር ጥቅጥቅ ብሎ በቅሎ ነበር። ከቤቱ የኋላ በር እስከ ሣሩ ሃያ ሁለት እርምጃ ነበር። ባለቤቴ ሲያርፍ የቀረችልኝ ያቺው ቤት ናት።

ተዋበች ያን ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ አንቱ እላት ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ለባለቤቴ ተዝካር ቤቴ መጥታ ሣሩን በመስኮት አየችው።

«ይኼን ታቅፈሽ ነው ዝም ያልሽው? እኛ ለፋሲካ ከአበባ ሱቅ ቅጠል እየገዛን!»

«ይውሰዱት እትዬ፤ የእግዜር ሣር ነው» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ለእንቁጣጣሽም ለፋሲካም አራት አምስት ሴቶች አስከትላ ትመጣ ጀመር። ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ውስጥ እየተሳሳቁ ይገባሉ። ማጭድ ሳቀርብላቸው ተዋበች ትከለክላለች። «የታጨደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳይደርስ ይጠወልጋል። ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ከያዘንማ ድርቆሽ ይዘን መግባታችን ነው። ከነሥሩ ንቀሉ!» ነቅለው በእርጥብ አንሶላ ይጠቀልሉና መኪና ላይ ይጭኑታል። እኔም ስመረቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ሚስተር ዊልክስ የሚባል አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበር። ገና በመጀመሪያው ዓመት አጥሩ ጋ መጥቶ፣ «ሣሩን አታስነቅይ፤ መሬትሽን የያዘልሽ እሱ ነው» አለኝ። የእኛ መሰብሰብ አስጠልቶት መሰለኝ። ለተዋበች ስነግራት ሳቀች። «ፈረንጅ ለሣር ነው የሚያለቅሰው!» አለች። እኔም ከሽማግሌው ጋር ሰላምታ አቆምኩ።

በሦስተኛው ዓመት በጸሎተ ሐሙስ ዕለት መጡ። የቀረው አንድ ጥግ ነበር፤ ሣሩም ገና ቡቃያ ነው። ሁሉንም ነቀሉት። በማግስቱ፣ በስቅለት፣ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ጀመረ። እኔ ስሰግድ ውዬ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ በሆነው ዊተን፣ ዘመዶቼ ቤት አደርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ካህኑ ቄጠማ አደሉን። የኖኅ ርግብ ያመጣችው የምሥራች መታሰቢያ ነው፤ የጥፋት ውኃ ጎደለ ማለት ነው። ራሴ ላይ አሰርኩት። ተዋበች ክንዴን ነካ አድርጋ፣ «ያንቺ ነው እኮ!» አለችኝ። ኮራሁ።

ከቀትር በኋላ ቄጠማውን ሳልፈታ ቤቴ ገባሁ። የኋላውን በር ስከፍት የልብስ ማስጫው ምሰሶ የለም። ባለቤቴ የተከላት በለስ ሥሯን ወደ ላይ አድርጋ ውኃ ውስጥ ተጋድማለች። የጓሮው ጠርዝ እንደ ዳቦ ተቆርሷል፤ ቆሜ እያየሁት ሌላ ቁራጭ ተናደ። ወርጄ ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት እርምጃ ቀርቶኛል። እንዲህ ከቀጠለ ቤቴም እንደሚሄድ ገባኝ።

ተዋበች ጋ ደወልኩ። «እትዬ፣ ጓሮዬ ሄደ። ለካ ሣሩ ነበር የያዘው።»

«አንቺ ደግሞ! ወንዝ አፍ ላይ ቤት ገዝተሽ በሣር ታመካኛለሽ? በዓሌን አታበላሺ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሚስተር ዊልክስ ሳልጠራው መጣ። «ነግሬሽ ነበር» አላለኝም። ውኃው ዳር የእንጨት ግድግዳ ላሠራ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ግድግዳ ብታሠሪ ማዕበሉ እሱን መትቶ የእኔን መሬት ይበላል። የነበረውን መልሺው» አለ።

ከራሱ ዳርቻ ሣሩን ከነጭቃው እየቆፈረ ሰጠኝ። ውኃው በጎደለ ቁጥር እኔና እሱ ተንበርክከን ተከልን፤ ማዕበሉን እንዲሰብር ከፊቱ ግንድ አጋደምን። እነዚያን ሴቶች እንዲያግዙኝ ለምኜ ነበር። አንዲት እንኳ አልመጣችም።

በዓመቱ ተዋበች አንሶላዋን ይዛ ከተፍ አለች። ሣሩ ገና ሥር መያዙ ነው። ደረጃው ላይ ቆሜ መንገዱን ዘጋሁባት።

«ዘንድሮ የለም።»

«ለእግዜር ቤት ሣር ትነፍጊያለሽ?»

«ለእግዜር ቤት ጓሮዬን ሰጥቻለሁ። ቤቴን አልሰጥም።»

በሳምንቱ «ለቤተ ክርስቲያን ሣር የከለከለች» ተብዬ ተወራብኝ። ሰው ፊቱን አዞረብኝ፤ እኔም ቤተ ክርስቲያን ቀየርኩ።

ሚስተር ዊልክስ ሣሩ ጥቅጥቅ ሲል ሳያይ ሞተ። ለነፈግሁት ሰላምታ ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ ይኼ ያንገበግበኛል። ተዋበችን ግን ይቅር አላልኳትም። የንስሐ አባቴ በየዓመቱ ይጠይቁኛል፤ በየዓመቱ ዝም እላለሁ።

ዝም የምልበት ሌላም ምክንያት አለ። ወደዚያች ቤት የገባን ዕለት ጭቃው ውስጥ ወርጄ ወለሉ ላይ የምጎዘጉዘውን ሣር ከነሥሩ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ፣ «ቁረጪው እንጂ ለምን ትነቅያለሽ?» ብሎኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ተዋበች ካነበበችው እዚህ ላይ ትስቃለች። ትሳቅ። ዛሬ ጠዋትም ወርጄ ቆጥሬያለሁ፤ አሁንም አሥራ ሦስት እርምጃ ነው።