የሞላ ምንሽር

ደግሰው ጠመንጃ አይሸጥም፣ አይጠግንም። ይመርጣል። ከላሊበላ በላይ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ባለችው መንደሩ ጠመንጃ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ሚስቱን ያማክራል፤ ቀጥሎ ደግሰውን አስከትሎ ሙጃ ገበያ ይሄዳል። ሚስቱ እምቢ ብትለው ይገዛ ይሆናል። ደግሰው እምቢ ካለ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል።

ጥበቡን ያመጣው ከባሌ ነው። በወጣትነቱ እዚያ ወርዶ፣ አጋዘን ሊያድኑ ለሚመጡ እንግዶች ጠመንጃ ተሸካሚ ሆኖ ሠርቷል። ሲመርጥ መጀመሪያ ዓይኑን ይጨፍናል። ማቀባበያውን በሁለት ጣቱ ወደ ኋላ ይስባል፣ ወደ ፊት ይገፋል፣ ብረቱ ሲንሸራተት ያዳምጣል። ከዚያም ከጠመንጃው ኋላ አጮልቆ ቀዳዳውን በፀሐይ ያያል። በመጨረሻ አንዲት ጥይት ገልብጦ ጫፏን አፈሙዙ ውስጥ ይሰካታል፤ እስከ አንገቷ ከሰመጠች አፈሙዙ በተኩስ ብዛት ተበልቷል ማለት ነው። «ይኸማ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ነው፤ ቆሎ አትስጠው» ብሎ ለባለቤቱ ይመልስለታል።

ጎረምሶቹ አንዳንዴ ይነካኩታል። «አያ ደግሰው፣ ዘመኑኮ የክላሽ ነው!»

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች! ክላሽ ለጩኸት ነው። ትልቅ አውሬ የሚጥለው አንድ ከባድ ጥይት ነው። እሱን ብትስት ደግሞ ቶሎ አቀባብሎ ሁለተኛውን የሚሰጥህ ጠመንጃ ያሻሃል። ሁለተኛውን የከለከለህ ጠመንጃ ጠላትህ ነው» ይላቸዋል።

ይህችን አነጋገሩን አገር ሁሉ በቃሉ ያውቃታል። እሱም ይኮራባታል፤ ይኮራባት ነበር ማለት ይሻላል።

አምና ከመኸር በኋላ አንድ ነብር ከገደሉ ወጣ። መጀመሪያ ጥጃ ወሰደ፤ ሰው አጉረመረመና ተወው። አውሬው በሕግ የተጠበቀ ነው፣ መግደል ክልክል ነው። በኋላ ግን እንጨት ለቅማ የምትመለሰውን የመንደሩን ልጅ ሰብሌን ትከሻዋን ዘነጣጥሎ ጣላት። ያኔ ሽማግሌዎች ወረዳ ሄደው ለመኑ፤ ወረዳውም ፈቀደ፤ ግን በአንድ ጠመንጃ ብቻ። አገር ሙሉ ጥይት እያርከፈከፈ ሰው ከሰው እንዳይጋደል፣ አንድ ሰው ይተኩስ፣ ሌላው በዱላና በውሻ ያባርር ተባለ።

በዚያ አገር ደግሞ ጠመንጃ አይዋዋሱም። ጠመንጃ ባለቤቱ በሕይወት እያለ ከሌላ ሰው ትከሻ ላይ ከታየ ለባለቤቱ ሟርት ነው። ስለዚህ ጠመንጃው ሲመረጥ ሰውየውም አብሮ ተመረጠ ማለት ነው። መራጩ ማን እንደሚሆን ግን ማንም አልጠየቀም። ምርጫው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ቅዳሜ ሲመሻሽ ሚስቱ እታገኘሁ ላም እያለበች ነበር። ደግሰው ጥጃዋን ይዞላታል። የማን ጠመንጃ እንደሚሻል ሁለቱም ያውቃሉ። የልጃቸው የደጀን ቤልጅግ ነው፤ ራሱ ደግሰው ነው ሙጃ ላይ ከስንቱ መሀል ለቅሞ ያወጣለት። እታገኘሁ ማለቡን ጨርሳ ተነሣች፤ ወተቱን በእጇ እንደያዘች ቆመች።

«የፍሬን ሆድ አይተኸዋል?» አለችው። ፍሬ የደጀን ሚስት ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳለች።

«አይቼዋለሁ።»

ወተቱን ይዛ ገባች።

በማግሥቱ ጠመንጃዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ወይራ ጋር ተደገፉ። ደግሰው ከአሮጌው የደሳለ ውጅግራ ጀመረ። «ይኸ እንኳን ነብር፣ እንቅልፍም አያባርር» ሲል ሰው ሳቀ፤ ደሳለም አብሮ ሳቀ። ከዚያ የሞላን ምንሽር አነሣ። ሞላ የወለላ አንድ ልጇ ነው፤ ምንሽሩ ከሞተው አባቱ የወረሰው። አፈሙዙ ጥሩ ነው፣ ቀዳዳው ንጹሕ ነው። ማቀባበያው ግን መሀል ላይ ያዝ ያደርጋል። እንዲህ ያለው አንዳንዴ የተተኮሰውን ጥይት ቀለህ አይተፋም፤ ቀለሁ እዚያው ይቀረቀርና ሁለተኛውን ጥይት ይከለክላል። የደግሰው ጣት ይህን ነገረችው።

የደጀንን ቤልጅግ መጨረሻ ላይ አነሣው። ማቀባበያው ቅቤ የተቀባ ይመስላል። ጥይቷን ገልብጦ አፈሙዙ ላይ ሰካት፤ ጫፏ ብቻ ገብታ ቆመች። መምሬ ቃለሕይወት፣ ሽማግሌዎቹ፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ አፍ አፉን ያያል። ደግሰው ጥይቷን በመዳፉ ሸፍኖ መዘዛት።

«ይኸ አፈሙዙ ተበልቷል» አለ። «የሞላ ይሻላል።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏችኋል ይኼ ነው። ደጀን ቀና ብሎ አባቱን አየው። የጠመንጃውን ጤና ከማንም በላይ ያውቃል፤ ግን በሰው ፊት አባቱን ውሸታም ሊል አልቻለም። ደግሰው በልቡ «ሞላ አይስትም። አንድ ጥይት ይበቃዋል። ሁለተኛው ለምን ያስፈልገዋል?» ይል ነበር። ሞላ የአባቱን ምንሽር ወደ ላይ አንሥቶ ፎከረ። ወለላ እልል አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እልልታዋን የሰማ ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ነብሩን ከገደሉ አፍ አስወጡት። ሞላ ተኮሰ፤ አልሳተም፤ ግን ጭኑን ነው ያገኘው። ነብሩ ተገልብጦ ተነሣና ወደሱ መጣ። ሞላ ማቀባበያውን ሳበ፤ አልመጣም። በጉልበቱ ደግፎ ሳበ፤ አልመጣም። ከኋላው በዱላ ሲያባርሩ ከነበሩት ቀድሞ የደረሰው ደጀን ነው። ነብሩን በዱላና በድንጋይ ሲጨርሱት ሞላ አንገቱ ላይ ተነክሶ ነበር። ደጀን ተሸክሞት እስከ መኪናው መንገድ ወረደ፤ ላሊበላ ሳይደርሱ ሞላ አረፈ።

ደጀን ማታ ቤት ሲገባ ልብሱ በጓደኛው ደም ደርቋል። ምንሽሩን አባቱ እግር ሥር አስቀመጠው።

«ቀለሁ እንደተቀረቀረ ነው» አለ። «አባ፣ ይኸን ያውቁ ነበር?»

ደግሰው ጎንበስ ብሎ ምንሽሩን አነሣው። ልጁ ትንሽ ጠበቀውና ወጣ። ደግሰው ብቻውን ሲቀር ቀለሁን በቀጭን ብረት ገፍቶ አወጣው፤ የሟች ጠመንጃ ለቅሶ ላይ ንጹሕ ሆኖ መታየት አለበትና።

በለቅሶው ምንሽሩ ተዘቅዝቆ በሰው መሀል ዞረ። ወለላ ደረቷን እየመታች ሙሾ አወጣች፦

«ካገር ጠመንጃ ውስጥ ያንተ ተመረጠ፣
ደግሰው መስክሯል ማን ካንተ በለጠ።»

አልቃሹ ሁሉ ተቀበላት። ደግሰው ቆሞ ሰማ። ሰዎች «ሐዘኑ ጎዳው፣ ደግ ሰው ነው» እያሉ ክንዱን ያዙት፤ ይህ ደግሞ ከሙሾው የባሰ ወጋው።

ከዚያ ወዲያ ጠመንጃ ምረጥልን ብለው ሲመጡ «ዓይኔ ደክሟል» ይላቸው ጀመር። ደጀን ከአባቱ ጋር ያርሳል፣ አብሮ ይበላል፣ የሚያወራው ግን ስለ በሬና ስለ ዝናብ ብቻ ነው። ፍሬ ወንድ ልጅ ወለደች። ጾሙ ሲገባ ደግሰው ለነፍስ አባቱ ለመምሬ ቃለሕይወት ሁሉንም ተናዘዘ። መምሬም «ስግደቱን እሰጥሃለሁ። ግን እናቱ ታውቅ። ሄደህ ንገራት» አሉት። ደጀንም ይህን ከአባቱ አፍ ሰማ፤ በዚያ ቀን ከሞላ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቱን ደህና አድርጎ አየው።

ደግሰው ወለላ ቤት ሲደርስ በሩ ክፍት ነበር። እሷ መደብ ላይ ተቀምጣ ምንሽሩን በነጠላ ትጠቀልላለች።

«እግዜር ነው ያመጣዎት፣ አያ ደግሰው» አለች። «እኔው ልመጣ ነበር። ይኼ ለፍሬ ልጅ ነው። እኔ ማን አለኝና? ያ ልጅዎ ልጄን በጀርባው አዝሎ ገደሉን ወርዷል። የሱ ልጅ አድጎ ይያዘው።»

«እትየ ወለላ፣ እኔ...»

«እምቢ እንዳይሉኝ። ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ምን እንደምል ያውቃሉ? ‹አገር ሁሉ ተሰልፎ የልጄ ተመረጠ› እላለሁ። ሌላ የምይዘው ነገር የለኝም።» እጁን ያዘችው። «ይንገሩኝ እስቲ፤ እውነት ከሁሉም ይበልጥ ነበር አይደል?»

ደግሰው ፊቷን አየ።

«ይበልጥ ነበር» አለ። «ከሁሉም ይበልጥ ነበር።»

ወለላ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም እጁን ሳመችው።

ደጀን ቤቱ ደጅ ላይ ልጁን ታቅፎ ይጠብቀው ነበር። በነጠላ የተጠቀለለውን አይቶ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው።

«አልነገሯትም።»

«አልቻልኩም፣ ልጄ። ለልጅህ ሰጠችው።»

«እንግዲያው ለሱም ሲያድግ እርስዎው ይንገሩት» አለና ደጀን ልጁን ይዞ ገባ።

ደግሰው ውጭ ድንጋዩ ላይ ምንሽሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከውስጥ ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ ደጀን በዝግታ ሲያባብለው ይሰማዋል። የደጀን ድምፅ ደስ አለው። አሁንም ተመልሰው እዚያ ወይራ ሥር ቢያቆሙት ያንኑ ውሸት እንደሚናገር አወቀ። ነጠላውን ፊቱ ላይ አድርጎ ያለቀሰውም ለዚህ ነው።