እታለም ጥሩወርቅን የገደላት ማይክሮዌቭ አይደለም

ውሸት ነው በሉኝ እስኪ።

ዛሬ ጠዋት «ጥሩወርቅ አረፈች» ሲሉኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ «የትኛዋ?» ብዬ ጠየቅሁ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ሌላ ጥሩወርቅ የማውቅ ይመስል! ቀብረናት ከተመለስን በኋላም አላመንኩም። አሁን እንኳ በሩን በርግዳ «ዛሬስ ምን አቃጠላችሁ?» እያለች የምትገባ ነው የሚመስለኝ።

ለማታውቋት፦ እታለም ጥሩወርቅ ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ከተማችን ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረች ኦቭንና ማይክሮዌቭ የምታጸዳ ሴት ነበረች። ታናሽ እህቷ ትርንጎ አብራት ትሠራለች። ለእኔ ጎረቤቴም ጓደኛዬም ነበረች።

ለቅሶው ላይ ውዬ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ፌስቡክ ስከፍት ግን አንጀቴ አረረ። የሞቷ ዜና ከተለጠፈበት ሥር አንዱ «የማይክሮዌቭ ጨረር ነው የጨረሳት» ይላል። ሌላዋ «እኔ ድሮም ፈርቼላት ነበር» ትላለች። ኧረ ጉድ! አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ?

ትርንጎ እያለቀሰች ነገረችኝ። የዐቢይ ጾም ቅበላ ስለደረሰ ለዚህ ሳምንት የቀጠሯቸው ቤቶች ነበሩ። ከቀብር መልስ ደውለው «ይቅርብን፣ ዕቃውንም ከቤት ልናወጣው ነው» አሏት። ልጅቷ እህቷንም እንጀራዋንም በአንድ ቀን ልታጣ ነው። ስለዚህ ዝም አልልም።

ስሙኝ። እታለም ከልጅነቷ ጀምሮ ልቧን ያማት ነበር። ዐረብ አገር ሳትሄድ፣ ማይክሮዌቭ የሚባል ነገር በዓይኗ ሳታይ! ከገበያ ስንመለስ አቀበቱ ላይ ቆም ብላ ደረቷን ስትይዝ ያላየ ማነው? ሐኪሙም የነገራት ይህንኑ ነው። እሷም ለማንም አልደበቀችም። ታዲያ ጨረሩ ከየት መጣ? ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል፤ እናንተ ግን ሬሳ ላይ ጫናችሁት። ኤዲያ!

እሷ ራሷ እኮ ከሁላችንም በላይ ጠንቃቃ ነበረች። በሩ በደንብ የማይገጥም ማይክሮዌቭ ካየች ገመዱን ነቅላ «ይሄ ሳይሠራ ብትሰኩት እኔና እናንተ ተጣላን» ትል ነበር። የኋላውን ብሎን ፈትታ አታውቅም። «ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኮረንቲ ያድራል፣ ለባለሙያ ተዉት» ትላለች። መብራት ሲሄድ ንቀሉ እያለች ስንቱን ቤት ተቆጥታለች።

ቁጣዋስ! ሰው ልጁ ከዐረብ አገር የላከችለትን ኦቭን ዳንቴል አልብሶ ቡፌ ላይ ሰቅሎ፣ ውስጡ የክትባት ካርድና ፎቶ ሲያስቀምጥ ካየች ትንጨረጨራለች። ዳንቴሉን ገፈፍ ታደርግና «ዕቃ ነው እንጂ ታቦት አይደለም! አብስሉበት፣ ሲቆሽሽ ጥሩኝ!» ትላለች። ይቺ አባባሏ ከተማውን አዳርሳለች። ባሌ አዲስ ጫማውን ሲሳሳለት እኔም «ታቦት አይደለም» ነው የምለው።

የእኔን ቤት ጉድ ላውራችሁ። አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም በኦቭን ዳቦ ጋግሬ ለአማቴ ለእማማ አቀረብኩ። አሸተቱት። «ቅቤ ቅቤ ይላል፣ አልበላም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለጥምቀት ዶሮ ጠብሼበት ስቡ ግድግዳው ላይ ደርቋል። እኔ ደግሞ ላጸዳ ብዬ በአመድና በሽቦ ፈትጌ ጭራሽ ቧጨርኩት። እማማ «ይሄ ዕቃ ጾም አያውቅም፣ ከቤቴ ይውጣ!» ብለው ተነሡ። ባሌ መሃል ቆሞ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

እታለምን ጠራኋት። ነቀለችው፣ እስኪበርድ ጠበቀች። መደርደሪያዎቹን አውጥታ ሙቅ የሳሙና ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈች። ቤኪንግ ሶዳ በውኃ ለውሳ፣ የሚግለውን ብረት ሳትነካ ውስጡን ቀባችውና አሳደረችው። በማግሥቱ መጥታ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው፣ አቼቶ ረጨችበት፣ እንደገና ጠረገችው። ማይክሮዌቬ ውስጥ ደግሞ ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ በጎድጓዳ ሳህን አፈላች፤ እንፋሎቱ ያላላውን እድፍ በጨርቅ አነሣችው። እጇ ይሠራል፣ አፏ እማማን ይሞግታል። «እማማ፣ የቅቤው ድስት ታጥቦ ለሽሮ ይሆን የለም ወይ? ይሄ ምን በደለዎት?»

እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው አንገታቸውን ኦቭኑ ውስጥ አስገቡ። አሸተቱ፣ አሸተቱ። ከዚያ ወጡና «በይ እንግዲህ፣ ይሄም ጾመኛ ሆነ» አሉ። እታለም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ በየቅበላው እሷን የሚያስጠሩት እማማ ናቸው።

እንግዲህ ነገ ለቅሶ ቤት እዝን የማቀርበው እኔ ነኝ። ዳቦውን የምጋግረው እታለም ባጸዳችው ኦቭን ነው፤ ሊጡ አሁን እየቦካ ነው። ድንኳኑ ውስጥ መሶቡን አስቀምጬ በምን እንደጋገርኩት ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ጨረር ጨረር የምትሉ ኑና ትርንጎ ፊት «አልበላም» በሉ። እስኪ ድፈሩ! ትርንጎም ከሠልስት በኋላ ሥራ ትጀምራለች። የመጀመሪያው ቤት የእኔ ነው። ቀጠሮ የሰረዛችሁ ደግሞ ስልኳ አልተለወጠም፣ ደውሉ።

እታለም፣ አፈር ልሁንልሽ። ስትቀበሪ አላለቀሰችም ብለሽ እንዳትቀየሚኝ፤ ዕንባዬን ንዴት ይዞት ነው። ያ የደከመ ልብሽ ይረፍ። እግዚአብሔር ከደጋጎቹ ጎን ጥሩ ቦታ ይስጥሽ። የእህትሽን ነገር ለእኔ ተይው። እሷን በወሬ ላስርብ የሚል ካለ መጀመሪያ ከእኔ ጋር ይገናኛል።

ደህና ሁኚ፣ እህቴ።