አሥራ ሰባተኛው ዓምድ

የጦር አካዳሚው ግንበኛ ጋሽ ቱምቢ ስሙን ያገኘው ከኪሱ ነው። ቱምቢ ግንበኛ ሁሉ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ በክር ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት ነው፤ እሱ ግን ከግድግዳም አልፎ ያልለካው ነገር የለም። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ ተቀመጥ ሳይባል የበሩን መቃን ይለካል። ሴት ልጁ እጮኛዋን ያስተዋወቀችው ቀን እንኳ፣ የወጣቱን አቋቋም ከላይ እስከ ታች ሲያይ ቆይቶ እጁ ወደ ኪሱ ስትሄድ፣ ባለቤቱ «እንዳትሞክራት!» ብላ በክርኗ ጎሸመችው።

አካዳሚው ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ የድንጋይ ሕንፃ ነው። ጥንት የፈረሰኛ ጦር ጋጣ ነበር፤ ፈረስ ይታሰርባቸው የነበሩት የብረት ቀለበቶች ዛሬም በመኝታ ቤቶቹ ግድግዳ ላይ አሉ፤ ዕጩ መኮንኖቹ ፎጣ ያሰጡባቸዋል። ከፊቱ፣ በሰልፍ ሜዳው በኩል፣ በቅስት የተያያዙ አርባ ዓምዶች ረጅሙን በረንዳ ተሸክመዋል። ስንቱ ጄኔራል «ቀጥ በል!» እየተባለ ያደገው በእነዚህ ዓምዶች ፊት ነው።

ጉዱ ያለው አሥራ ሰባተኛው ላይ ነው። ከበረንዳው ጫፍ ሆኖ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ያየ ሰው፣ ሠላሳ ዘጠኙ ተስተካክለው ሲሰለፉ አንዱ ብቻ እንደ ሰካራም ወደ ኋላ ሲል ያያል። ያንን ዓምድ የገነባው ደግሞ ራሱ ጋሽ ቱምቢ ነው።

ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት ነው። የምረቃው በዓል አራት ቀን ሲቀረው የውሃ ቦቴ ወደ ኋላ ሲመጣ ዓምዱን ገጭቶ ጣለው። ያኔ ጎረምሳ የነበረው ጋሽ ቱምቢ ሌት ተቀን ሳይል መልሶ ገነባው። የመጨረሻውን ድንጋይ እያስቀመጠ ሳለ «ሚስትህን ምጥ ያዛት» አሉት። ቱምቢውን አንዴ ጣል አድርጎ አየና የግንበኛ ማንኪያውን ወርውሮ በረረ። ሴት ልጁን ታቅፎ፣ ስሞ፣ በማግስቱ ሲመለስ ዓምዱ ጠሞ ጠበቀው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ ግን ማፍሰሱን እንጂ መልቀሙን አልታደለም። ላፍርሰውና ላስተካክለው ባለ ቁጥር፣ አንዱ አዛዥ «ከምረቃው በኋላ»፣ ሌላው «ከክረምቱ በኋላ» እያለ ዕድሜው ነጎደ። ያን ሁሉ ዘመን ቱምቢውን አንድም ቀን እዚያ ዓምድ ላይ ጥሎ አያውቅም። ቁስሉን ማን ይነካካል? ሌሎቹን ደግሞ የጥንት ሰዎች ስለሠሯቸው፣ መጠርጠሩ ራሱ ድፍረት መሰለው።

ጡረታው አንድ ወር ሲቀረው አዲሱ አዛዥ ኮሎኔል እሺ አሉ። ጋሽ ቱምቢ ደስታው ወሰን አጣ። አዳዲሶቹን ድንጋዮች በትርፍ ሰዓቱ ቤቱ ግቢ ውስጥ እየጠረበ ደረደራቸው፤ ባለቤቱም ልብስ ታሰጣባቸው ጀመር።

«ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል፤ አንተ ዓምድ ታቅፈህ መቃብር ልትወርድ ነው» አለችው።

«ስሜን አጥርቼ ነው የምወጣው!»

አሮጌ ሕንፃ ያለ ጥናት አይነካምና የሕንፃ ታሪክ አጥኚ ተላከች። ሦስት ቀን ስትለካ፣ ሦስት ቀን ተከትሏት ዋለ። በመጨረሻ አልቻለም፤ ለማንም ተናግሮት የማያውቀውን ዘረገፈው።

«ልጄ፣ በከንቱ አትድከሚ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሚስቴ ምጥ ላይ ነበረች፤ ቸኩዬ አጣመምኩት።»

አጥኚዋ ወረቀቷን አየች፤ እሱን አየች። «አባቴ፣ ቱምቢዎን ይዘዋል?»

«ሳልይዝ ውዬ አላውቅም።»

«እስቲ ይጣሉት።»

ከኪሱ አውጥቶ አሥራ ሰባተኛው ላይ ጣለው። ብረቱ ተወዛወዘ፣ ረጋ። ክሩ ከላይ እስከ ታች ከድንጋዩ እኩል ርቆ ቆመ። ጋሽ ቱምቢ ዐይኑን አላመነም። አሥራ ስድስተኛው ላይ ጣለ፤ ክሩ ከታች ሦስት ጣት ራቀ። አሥራ ስምንተኛውም ሦስት ጣት። በዚያ ዕድሜው እየሮጠ እስከ አርባኛው ደረሰ።

«ከእርስዎ ዘመን በፊት ጀምሮ መሬቱ ወደ ሜዳው በኩል ሰምጧል፤ በረንዳውም አብሮ ዘሟል» አለችው። «ቀጥ ብሎ የቆመው የእርስዎ ብቻ ነው።»

ሳቀ፤ ከዚያ ተናደደ፤ ከዚያ እንባው መጣ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በንጹሕ ዓምድ አፍሮ ኖሯል!

ኮሎኔሉ ነገሩን ሰምተው መጡ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በረንዳውን ዳር እስከ ዳር ተራመዱ። «ሠላሳ ዘጠኝ ዓምድ የምናቃናበት አቅም የለንም። ሰልፍ ሰልፍ ነው፤ ከሰልፍ የወጣ አንድ ከሆነ የሚስተካከለው እሱ ነው። ጋሽ ቱምቢ፣ አፍርሰህ ከሌሎቹ ጋር እኩል አዘንብለው» አሉና የፈቃዱን ወረቀት እዚያው ፈረሙለት።

ዕድሜውን ሙሉ ሲለምነው የኖረው ወረቀት ነበር። አራት ቦታ አጥፎ መለሰላቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ። በምጥ ቀን ያቆምኩትን በጡረታ ዋዜማ አላጣምም።»

«ትእዛዝ እኮ ነው!»

«እኔ እኮ ሲቪል ነኝ።»

ኮሎኔሉ ሳቃቸው እንዳይታይ ፊታቸውን አዞሩ። «ጡረታህ መቼ ነው?»

«አርብ።»

«እንግዲያው እስከ አርብ ሥራ የለህም። ቁጭ በል!»

ይህቺንስ ትእዛዝ አከበረ። ወንበር አምጥቶ፣ ሲሸሸው የኖረውን ዓምድ ተደግፎ እስከ አርብ ተቀመጠ። አርብ ዕለት ባለቤቱና ልጁ ሊወስዱት ሲመጡ ልጁን እጇን ይዞ ከዓምዱ ጋር ጀርባዋን አስጠግቶ አቆማት።

«በአንድ ቀን ነው የመጣችሁት» አላት።

እጁ ወደ ኪሱ ሄደች። ባለቤቱ አየችው፤ ክርኗን ግን አላነሳችም።

«ለካት፤ ይውጣልህ» አለችው።